የጧሪና የቀባሪ ቅጽ

አባይነህ፦ አንድ ነገር ነው አልኩዎት እኮ፣ እትዬ ለተጊዮርጊስ። አንድ።

ለተጊዮርጊስ፦ ሁለት ነው። ጧሪ አንድ፣ ቀባሪ ሁለት። አንተ ልጅ፣ ቁጥር ድሮም አይሆንልህም ነበር።

አባይነህ፦ አብሮ ነው የሚነገረው። «ጧሪ ቀባሪ» ይባላል። እንደ እህል ውሃ።

ለተጊዮርጊስ፦ እህልና ውሃስ መቼ አንድ ሆኑ? እህል ቤቴ አለ፤ ቦኖው ግን ከደረቀ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እህሌን ልጠጣው?

[ይህ ሁሉ ንግግር የሚካሄደው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ በእትዬ ለተጊዮርጊስ ደጃፍ ነው። ዘመኑ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰው ሁሉ ጓድ የሆነበት። እትዬ ለተጊዮርጊስ የሰባ አንድ ዓመት ባልቴት ናቸው፤ ጉልበታቸው ከድቷቸው ከበርጩማቸው አይነሱም፤ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። ፊታቸው የቆመው ጓድ አባይነህ የቀበሌው የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። አፉ ጤፍ ይቆላል። በዚህ ዓለም ላይ እሱ የማያውቀው ነገር ካለ፣ ያ ነገር ገና በሰርኩላር አልደረሰውም ማለት ነው።

ዛሬ ግን ጭንቅ ይዞታል። ነገ ጠዋት ከቀበሌው በላይ ካለው አስተዳደር፣ ከከፍተኛው፣ ልዑካን ይመጣሉ። አረጋውያንን በየቤታቸው የመንከባከብ አገልግሎት በእሱ ቀበሌ ይመረቃል፤ ለምረቃው አሥር ስም ይፈለጋል። ዘጠኝ አግኝቷል። ከዘጠኙም አቶ በዳዳ የፈረሙት ለኅብረት ሱቁ ስኳር የተመዘገቡ መስሏቸው ነው። አሥረኛው ከጎደለ አገልግሎቱ ወደ ጎረቤት ቀበሌ ይዛወራል፣ አባይነህም በስብሰባ መሐል ቆሞ ግለ ሂስ ያደርጋል። ግለ ሂስ ደግሞ እስከ ዛሬ ሌላውን ሲያስደርግ እንጂ ራሱ ሲያደርግ አልታየም።]

አባይነህ፦ [እስኪብርቶውን ከኪሱ አውጥቶ] በአጭሩ እንጨርስ። ጥያቄ አራት፤ «ጧሪ ቀባሪ አለዎት ወይስ የለዎትም?» የለኝም ይበሉኝና ልሂድ።

ለተጊዮርጊስ፦ እንዴት ብዬ ነው የለኝም የምለው? ቀባሪ አለኛ።

አባይነህ፦ ማን?

ለተጊዮርጊስ፦ እድሬ ነዋ። ጉልበቴ እስኪይዘኝ ድረስ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀብር አልቀረሁም። እኔ ነገ ብሞት ይህ ዳገት በሰው ጥቁር ነው የሚሆነው። የለኝም ብዬ ፈርሜ የእድሩ ዳኛ አቶ ነገሳ ቢሰማ ምን ይለኛል? «እኛ ሞተናል ወይ?» አይለኝም?

አባይነህ፦ አቶ ነገሳ አይሰማም። ቅጹ ምስጢር ነው።

ለተጊዮርጊስ፦ ነገ በድምጽ ማጉያ ታነበው የለም እንዴ?

አባይነህ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] የሚነበበው ለሰፊው ሕዝብ ነው። ለሰፊው ሕዝብ ማንበብና ለአቶ ነገሳ መንገር ይለያያል።

ለተጊዮርጊስ፦ አቶ ነገሳስ ሰፊ አይደለም? በር ሲያልፍ እኮ በጎኑ ነው።

[አባይነህ ወደ ሰማይ አየ። አሮጊት ከማንቃት ድንጋይ መቀቀል ይቀላል ብሎ አሰበ፤ ድንጋይ ቢያንስ ዝም ይላል።]

አባይነህ፦ ችግሩ አሁን ገባኝ፣ እትዬ። የእርስዎ ንቃት ዝቅተኛ ነው።

ለተጊዮርጊስ፦ የኔ? ዶሮ ሳይጮህ ነው የምነቃ። አንተ ነህ እንጂ በሦስት ሰዓት ዓይንህን እያሸህ ቀበሌ የምትገባ። መብሩካ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አይታሃለች።

አባይነህ፦ የፖለቲካ ንቃት ነው ያልኩዎት።

ለተጊዮርጊስ፦ እሱ ደግሞ በስንት ሰዓት ነው?

አባይነህ፦ እንዲህ ያለው ነው አድኃሪነት።

ለተጊዮርጊስ፦ [ሰፌዱን መሬት አስቀምጠው] ምን አልከኝ? አዳሪ? በሰባ አንድ ዓመቴ? ጉልበቴ ይዞኝ ከበሬ አልወጣ፣ የት አድሬ ነው?

አባይነህ፦ አድኃሪ። አድ-ኃ-ሪ። ኋላ ቀር ማለት ነው።

ለተጊዮርጊስ፦ እንደሱ በለኝ እንግዲህ። [ሰፌዱን መልሰው አንስተው] ኋላማ ቀርቻለሁ፤ እኩዮቼ ሁሉ ቀድመውኝ ሄደዋል።

[አባይነህ ይህን እንደ ስምምነት ቆጠረው። ድምፁን እንደ ስብሰባ መክፈቻ አሳመረና፣ አገልግሎቱ ለዚህ ዳገት የመጣ የመጀመሪያው ዕድል መሆኑን፣ እምቢ የሚሉ አረጋውያን ራሳቸውን ብቻ ሳይሆን ዕቅዱንም እንደሚጎዱ አስረዳ። ዕቅዱ ሲጎዳ ይበልጥ የሚያመው ይመስል ነበር።]

አባይነህ፦ ስለዚህ በየሳምንቱ ቤትዎ ድረስ እንክብካቤ ይመጣልዎታል።

ለተጊዮርጊስ፦ እንክብል አልፈልግም። ጤና ጣቢያ የሰጡኝንም አልጨረስኩት፤ ጨጓራዬን ላጠው።

አባይነህ፦ እንክብካቤ ነው። ውሃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ብቸኝነት እንዳይሰማዎት ማጫወት።

ለተጊዮርጊስ፦ የሚያጫውተኝ ማን ነው?

አባይነህ፦ ተንከባካቢው። አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ይመድባል።

ለተጊዮርጊስ፦ ድርጅቱ ምን ያወራል?

አባይነህ፦ ስለ ወቅታዊ ሁኔታ።

ለተጊዮርጊስ፦ እሱንማ ከሬዲዮ እሰማለሁ። ሬዲዮ ደጉ፣ ሲሰለች ይዘጋል።

አባይነህ፦ እሺ ጨዋታው ይቅር። ውሃውስ? በዚህ ጉልበትዎ ታች ወንዝ ወርደው ውሃ መቅዳት ይችላሉ?

ለተጊዮርጊስ፦ አልችልም።

አባይነህ፦ [በደስታ ወረቀቱን አስተካክሎ] አይችሉም። ስለዚህ ጧሪ የለዎትም።

ለተጊዮርጊስ፦ መብሩካ ታመጣልኛለቻ። አንድ ጀሪካን ለቤቷ፣ አንድ ጀሪካን ለኔ።

አባይነህ፦ መብሩካ ምንዎ ናት?

ለተጊዮርጊስ፦ ጎረቤቴ። ያቻትና አጥሯ። ቆመው የሚሠሩትን እሷ ትሠራልኛለች፣ ተቀምጠው የሚሠሩትን እኔ እሠራላታለሁ። በረመዳን ሾርባዋን ቁጭ ብዬ የማማስልላት እኔ ነኝ። ይሄም ምስር የሷ ነው።

አባይነህ፦ [ቅጹን በጣቱ እየተከተለ] ልጅ... የልጅ ልጅ... ወንድም፣ እህት... የጋብቻ ዘመድ... ጎረቤት የሚል የለም።

ለተጊዮርጊስ፦ እንዴት አይኖርም?

አባይነህ፦ የለማ። ቅጹን የሠሩት የተማሩ ሰዎች ናቸው።

ለተጊዮርጊስ፦ ጎረቤት የላቸውም ማለት ነው፣ ምስኪኖች።

አባይነህ፦ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ልጽፍልዎት አልችልም። ወረቀት የያዘውን ነው የሚይዘው።

ለተጊዮርጊስ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ወረቀቱስ ይሁን።

[አባይነህ አልሰማም፤ ወይም የሰማው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው። ፀሐይዋ ወደ ጉለሌ ዘንበል ማለት ጀምራለች። እንደገና ዳገቱን ወርዶ ሌላ አረጋዊ መፈለግ አይታሰብም፤ እስከ ቀበና ድልድይ ድረስ ያሉትን ሁሉ ጠይቋል። አንዳንዶቹ «አላረጀንም» ብለውታል። አቶ ሸረፈዲን የሚባሉ አሮጌ ነጋዴ ደግሞ ሾላ ገበያ መሐል ጠርተው፣ «ልጆቼ ሞቱ ብሎ ማን ነገረህ?» እያሉ ሰው ሰብስበውበታል። እሱ ግን እስከ አሁን ድረስ ያልገባው አንድ ነገር ነበር፤ በነጻ የሚሰጥ ነገር ለምን እንደሚያስቀይም።]

አባይነህ፦ እንግዲያው ቅጹ ላይ «እምቢተኛ» ብዬ እጽፋለሁ። የሚከተለውን እርስዎ ያውቃሉ።

[እትዬ ለተጊዮርጊስ ምስር መልቀማቸውን አቆሙ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት የሚመስል ነገር አለፈ፤ ቢያንስ አባይነህ እንደዚያ መሰለው።]

ለተጊዮርጊስ፦ እምቢተኛስ አትበለኝ። ግን ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ያልገባኝ ነገር ላይ እንዴት አውራ ጣቴን አሳርፋለሁ? እስቲ እንዴት እንደሚመለስ አሳየኝ። እኔ ልጠይቅህ፣ አንተ መልስ። ሰምቼ እለምደዋለሁ።

[አባይነህ ደስ አለው። ማስተማር ይወዳል፤ ሳይጠየቅም ያስተምራል። የኮቱን ቁልፍ ነካክቶ፣ እትዬ ለተጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።]

አባይነህ፦ ይጠይቁኝ። ጥያቄ አንድ ስም ነው። ጓድ አባይነህ። ጥያቄ ሁለት ዕድሜ ነው። ሃምሳ አራት። አዩ? ቀላል ነው።

ለተጊዮርጊስ፦ ሃምሳ ስንት?

አባይነህ፦ አራት። ቀበሌ መዝገብ ላይ ተጽፏል።

ለተጊዮርጊስ፦ ጣልያን የገባ ዓመት ስንት ዓመትህ ነበር?

አባይነህ፦ ያኔማ ሕፃን ነበርኩ።

ለተጊዮርጊስ፦ ሕፃን ዳዊት ይደግማል? በዚያ ዓመት ዳዊት ጨርሰህ፣ ጠላት ገባና ዲቁናው ቀረብህ እንጂ ቀሚስህ ተሰፍቶልህ ነበር። ሰፊውን የጠራሁልህ እኔ ነኝ።

አባይነህ፦ [ግራ ቀኝ አይቶ] ይህቺን ነገር ቀስ ብለው ይናገሯት።

ለተጊዮርጊስ፦ [ቀስ ብለው] አሥራ ሦስት ዓመትህ ነበር። እናትህ ነፍሷን ይማረውና በኔ ፊት ነው የቆጠረችው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ?

አባይነህ፦ አርባ... ስምንት።

ለተጊዮርጊስ፦ ደምረው። እኔ ቁጥር አላውቅም።

[አባይነህ ደመረ። መደመሩ ቀላል ነበር፤ ከባዱ ድምሩን መናገሩ ነው።]

አባይነህ፦ ስልሳ አንድ።

[እንግዲህ ጉዳዩ እንዲህ ከሆነ ነውር እንዳይሆንብን። ስልሳ አንድ ዓመት የሞላቸውን ሰው እስከ አሁን አንተ ስንል የቆየነው በቀበሌው መዝገብ ተሳስተን ነው። ከዚህ በኋላ አንቱ እንላቸዋለን።]

ለተጊዮርጊስ፦ አገልግሎቱ ስንት ዓመት ነው የሚለው?

አቶ አባይነህ፦ ከስልሳ በላይ። ግን እኔ ለማሳየት ያህል ነው—

ለተጊዮርጊስ፦ አሳየኝ እንጂ። ሦስተኛው ምንድን ነው?

አቶ አባይነህ፦ የትዳር ሁኔታ። ባለትዳር ነኝ።

ለተጊዮርጊስ፦ ወለተማርያም የት ናት?

አቶ አባይነህ፦ ዘመድ ልትጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄዳለች።

ለተጊዮርጊስ፦ መቼ?

አቶ አባይነህ፦ በሰባ ሁለት።

ለተጊዮርጊስ፦ አራት ዓመት ሙሉ የሚጠየቅ ዘመድ። ቁልፉን እኔ ጋ ነው የተወችው፣ አንተ ስብሰባ ላይ ስለነበርክ። «ስብሰባው ሲያልቅ ይስጡት» አለችኝ። ልጅስ?

አቶ አባይነህ፦ [ደረታቸውን ነፋ አድርገው] ወጣቱ ትውልድ ሁሉ ልጄ ነው።

ለተጊዮርጊስ፦ ውሃ የሚቀዳልህ የትኛው ነው?

[አቶ አባይነህ በዚያ ዕለት ጠዋት ፊታቸውን የታጠቡት ከትናንት በተረፈ ውሃ፣ በአንድ ኩባያ ነበር። ይህን ማንም አያውቅም። እሳቸውም ቢሆኑ እስከዚች ደቂቃ ድረስ ነገሬ አላሉትም።]

ለተጊዮርጊስ፦ እንግዲህ ወደ ጠባችን መጣን፤ አራተኛው። አንድ ነው ወይስ ሁለት?

አቶ አባይነህ፦ ሁለት ይሁን።

ለተጊዮርጊስ፦ ጧሪ?

አቶ አባይነህ፦ የለም።

ለተጊዮርጊስ፦ ቀባሪ?

አቶ አባይነህ፦ እድር ነበረኝ። የናንተው እድር።

ለተጊዮርጊስ፦ ነበረህ። አሥራ አንድ ቀብር ስትቀር ዳኛው ሰረዘህ።

አቶ አባይነህ፦ እሁድ እሁድ ስብሰባ ነበር። የአገር ጉዳይ ነው፣ እትዬ። ሟች ይጠብቃል፣ ስብሰባ አይጠብቅም።

ለተጊዮርጊስ፦ በጎረቤታችን በዲንሳ ቀብር ቀን የእድሩን ድንኳን ለስብሰባ ብለህ ነቅለህ ወሰድከው። ሰው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እናንተ ጥላ ስር አጨበጨባችሁ። ይኸውልህ አባይነህ፣ እኔ ግማሽ ነኝ፤ ቀባሪ አለኝ፣ ጧሪዬን ወረቀትህ አያውቃትም። አንተ ግን ሙሉ ነህ። ጧሪ የለ፣ ቀባሪ የለ። ቅጹ አንተን ለክቶ የተሰፋ ነው።

አቶ አባይነህ፦ እኔ እኮ ኃላፊ ነኝ።

ለተጊዮርጊስ፦ ኃላፊማ ስሙ ነው፤ ያልፋል።

[አቶ አባይነህ ሊነሱ ፈለጉና አልተነሱም። ቅጹን አዩት፤ ዘጠኝ ስም፣ አንድ ባዶ መስመር። ነገ ልዑካኑ፣ ማይክሮፎኑ፣ ከልዑካኑም ኋላ ዳገቱ ሁሉ ይታያቸው ጀመር። አፈሩ። ያፈሩት በትክክል እትዬ ለተጊዮርጊስ፣ አቶ ሸረፈዲንና እስከ ቀበና ድረስ እምቢ ያሏቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ያፈሩትን እፍረት ነበር፤ ያኔ ግን እሳቸው ስሙን «ኋላ ቀርነት» ብለው ጽፈውታል።]

አቶ አባይነህ፦ ስሜ ተጠርቶ «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» ተብሎ ሲነበብ ሰው ምን ይለኛል?

ለተጊዮርጊስ፦ እኔን ስትጠይቀኝ ሰው አልነበረም?

አቶ አባይነህ፦ እርስዎ ሌላ ነዎት። እርስዎ... አሮጊት ነዎት።

ለተጊዮርጊስ፦ አንተስ ዳዊት ደጋሚ ሕፃን። [ምስሩን እያበጠሩ] አሥረኛ ስም አጥተህ ነው ዳገት ለዳገት የምትንከራተት። ይኸው ስም። ካልፈለግክም ነገ ዘጠኝ ይዘህ ቁም፤ እኔ ምን ቸገረኝ።

[ከላይ ከእንጦጦ ጫካ በኩል የምሳር ድምፅ ይሰማል። አቶ አባይነህ አንድ ጊዜ ቅጹን፣ አንድ ጊዜ ቁልቁል የራሳቸውን ቆርቆሮ ቤት አዩ። ከዚያ በአሥረኛው መስመር ላይ፣ ባማረ የጽሕፈት ቤት የእጅ ጽሑፍ፣ ስማቸውን ጻፉ። ዕድሜ፣ ስልሳ አንድ። ሲጨርሱ ግን እንግዳ ነገር ሆነ፤ ቀለል አላቸው። ከአራት ዓመት ወዲህ አንድ ሰው በራቸውን አንኳኩቶ «እንዴት ዋሉ?» የሚላቸው ሲመስላቸው፣ ለአፍታ ያህል አገልግሎቱ በእውነት ጥሩ ነገር መሆኑን አመኑ። የአገልግሎቱ ኃላፊ ሆነው ይህን ሲያምኑ የመጀመሪያቸው ነው።]

ለተጊዮርጊስ፦ ሌላ የሚጠይቀው አለ?

አቶ አባይነህ፦ «አገልግሎቱን ለመቀበል ፈቃደኛ ነዎት?» ይላል።

ለተጊዮርጊስ፦ ነህ?

አቶ አባይነህ፦ [ድምፃቸው እየጠፋ] ነኝ።

ለተጊዮርጊስ፦ ጎበዝ። ከሱ ቀጥሎስ ጠርዙ ላይ ያለው ምንድን ነው? ተጽፎበታል እኮ።

አቶ አባይነህ፦ የተንከባካቢው ስም።

ለተጊዮርጊስ፦ እሰይ። ድርጅቱ ማንን መደበልህ? አንብበው እንጂ።

[አቶ አባይነህ አላነበቡም። ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ያቺን ዓምድ ከሦስት ቀን በፊት ቢሯቸው ተቀምጠው፣ ልዑካን ባዶ ቦታ አይወዱም ብለው፣ ከአንደኛው መስመር እስከ አሥረኛው በአንድ ትንፋሽ የሞሏት እሳቸው ናቸው። አሥሩም ላይ ያለው አንድ ስም ነው።]

አቶ አባይነህ፦ ጓድ አባይነህ።

ለተጊዮርጊስ፦ ይሁና። ሰጪውም አንተ፣ ተቀባዩም አንተ። ከቤት ሳትወጡ ትገናኛላችሁ።